ፌብሩዋሪ ላይ ክሪኬት ተጫዋቾችን ለቆጠረው ቦርድ

ለተከበሩ የሰሜን ሜዳዎች ቦርድ ሰብሳቢ፣

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በስብሰባው ላይ እኛ ስንናገር ከስልክዎ ላይ ላልተነሡት ዓይኖችዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። ስሜ ብርነሽ ይባላል። የምኖረው ብሩክሊን ሴንተር ነው፤ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ አጥባለሁ። በራችሁ ላይ አስተያየት በማንኛውም ቋንቋ እንቀበላለን ብላችሁ ስለለጠፋችሁ በምችለው ቋንቋ ጻፍኩ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ እንደምትመልሱ ስለማውቅ አንቸኳኮልም።

ጉዳዬ ኦክቶበር ላይ አርሳችሁ የውሻ መናፈሻ ስለምታደርጉት የካሪቢያን ክሪኬት ክለብ ሜዳ ነው። ክለቡን እ.ኤ.አ. በ1983 ከጉያና፣ ከጃማይካና ከትሪኒዳድ የመጡ ሰዎች መሠረቱት። ከመሥራቾቹ ዛሬ በሕይወት ያሉት ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር ሚስተር ካልቨርት ብቻ ናቸው። እሳቸው ከእኛ አፓርታማ በላይ ይኖሩ ስለነበር ልጄን ይዲድያን ወደ ክለቡ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ይዲድያ ይህ የዱላና የኳስ ጨዋታ መሀል ላይ ለሻይ ይቆማል ሲለኝ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር፤ ሄጄ ሳይ እውነት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሻዩ ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ዝንጅብል ታበዣለሽ እያሉ የሚያሾፉብኝ ሁሉ ሁለተኛ ኩባያ ይጠይቁኛል።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ቅሬታ የሚለው ቃል ከከበደዎም ምስጋናዬን፣ በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. ሜዳውን የሚጠቀም ሰው የለም ስለሚለው ጥናታችሁ አመሰግናለሁ። ቆጣሪው የመጡት ፌብሩዋሪ ላይ፣ በረዶው እስከ ጉልበት በደረሰበት ሳምንት መሆኑን ጥናቱ ራሱ ጽፎታል። ያገኙት ተጫዋች ዜሮ ነው። በዚያ ብርድ ወጥተው ዜሮ ለመቁጠር የደከሙትን ሰው እግዚአብሔር ይባርካቸው። የበረዶ መንሸራተቻውን ደግሞ ጁላይ ላይ እንዲቆጥሩልን እለምናለሁ።

2ኛ. በሜዳው መካከል ያለችውን መላጣ መሬት አይታችሁ ሣሩ የሞተ መስሏችሁ ዘር ስለዘራችሁባት አመሰግናለሁ። ያቺ መሬት ለመቺው የሚወረወረው ኳስ የሚነጥርባት ናት፤ ሰዎቹ ከባድ የብረት ሮለር በእጃቸው እየጎተቱ እንዲህ እስክትሆን አሥራ አንድ ዓመት ደልድለዋታል። ዘሩ በደንብ በቅሏል።

3ኛ. ልጄ የመጨረሻ ጨዋታውን የተጫወተው ከሦስት ዓመት በፊት ሴፕቴምበር ላይ ነው። ፈቃዳችን የሚያበቃው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ስለነበር ሠራተኛችሁ በሰዓቱ መጥተው ሁላችንንም አስወጡን። ኳሱን የመምታት ተራው የይዲድያ ነበር፤ ዱላውን እንደያዘ ወጣ። አምበሉ የበረዶው ወራት ሲያልፍ ካቆመበት እንደሚቀጥል ነገረው። ጃንዋሪ ላይ መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራተተና ልጄ ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ለዚህ እናንተን አልከስም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሜይ የመጀመሪያ ቅዳሜ ክለቡ ከሌላው ጨዋታ ሁሉ በፊት የእሱን ተራ ያስቀድማል። ዱላውን እሱ በቆመበት ቦታ ያስቀምጡና ስድስት ኳስ ይወረውራሉ፤ የሚመታ የለም። ሁሉም ቆሞ ያያል፤ እኔም እቆማለሁ። በዓመት ውስጥ ልጄ ገና የሚጫወት የሚመስለኝ ለእነዚያ ስድስት ኳሶች ያህል ብቻ ነው። ዘንድሮ ኳሱ አልነጠረም። ሣራችሁ ውስጥ ገብቶ ቆመ፤ ስድስቱም እንደዚያው። ሚስተር ካልቨርት ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ተንበርክከው መሬቷን በእጃቸው ዳሰሱና “እህቴ፣ ይህችን እንደገና የምደለድልበት ዕድሜ የለኝም” አሉኝ።

4ኛ. ምትክ ሜዳ ስለሰጣችሁን አመሰግናለሁ። በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ ከቀሩት አሥራ አራት አባላት አምስቱን ደግሞ ሐኪም መንዳት ከልክሏቸዋል። ልጆቻቸው ቅርጫት ኳስ ይመርጣሉ። እርስዎ ስለ ክለቡ የወደፊት ዕድል በስብሰባው ላይ የተናገሩት ግን እጅግ ያምር ነበር፤ ቀብር ላይም ሰው እንደዚያ ነው የሚናገረው።

ሜዳውን ተዉልን ብዬ አልለምንም፤ ድምፅ ሰጥታችሁ ጨርሳችኋል። የጠየቅሁት ትራክተሩ ከመግባቱ በፊት ሣሩን ከሥሩ አንሥተን ስድስት ኳስ የምንወረውርበት አንድ ቅዳሜ ነበር። ስልክ ስደውል የፈቃድ ማመልከቻ የሚከፈተው ማርች ላይ እንደሆነ በጨዋ ድምፅ ተነገረኝ። የሚታረሰው ኦክቶበር መሆኑን ብነግራቸው፣ ማርች ላይ ብደውል ደስ እንደሚላቸው ደግመው ነገሩኝ።

ወንበርዎ እንዲደላዎት፣ ስብሰባዎችዎ ሁሉ በጊዜ እንዲያልቁልዎት፣ ውሾቹም ቦታውን እንዲወዱት ከልብ እየተመኘሁ፣ መልስ ሳልጠብቅ በአክብሮት እሰናበታለሁ፤

ብርነሽ፣ የይዲድያ እናት

ማስታወሻ፦ ስለ ውሻ መናፈሻው አጥር ቀለም አስተያየት የሚጠይቀው ቅጻችሁ በልጄ ስም ቤቴ ደርሷል። “ውድ ይዲድያ” ብሎ በአክብሮት ስለጀመረ ዝም ማለት ነውር መስሎኝ ሞልቼ መልሻለሁ። ለቀለሙ ሰማያዊ ብያለሁ፤ የሚወደው እሱን ነበር። አዲሱን መናፈሻ በወር ስንት ጊዜ ለመጎብኘት ያስባሉ የሚለውን ግን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ሰው ካለ ይሙላው።