የጋሼ መኮንን ረጅም ሰላምታ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ዛሬም ለጋሼ መኮንን ደወልኩ። ከሚሠሩበት የግሮቭፖርት መጋዘን ወጥተው ትራክ መንዳት ይፈልጋሉ፤ ለሲዲኤል፣ ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱ ፈተና ግን አይመዘገቡም። ልጃቸው የግል አሠልጣኝ፣ ኮች ብላ የቀጠረችኝ በየሳምንቱ እየደወልኩ እንድጨቀጭቃቸው ነው። እኔ ደግሞ አባቴን የሚያክል ሰው ማፋጠጥ አልችልበትም። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ሰላምታውን ያስረዝሙታል፤ እናቴን፣ ልጆቼን፣ መኪናዬን፣ የወገቤን ሕመም ጠይቀው ሲጨርሱ “በይ፣ የምሳ ብሬኬ አለቀ” ይላሉ።

ዛሬ ጨከንኩ። ገና “እንዴት ነሽ” ሲሉኝ አቋረጥኳቸው።

“ጋሼ፣ ተመዘገቡ?”

“በሚቀጥለው ሳምንት” አሉ። “አንቺስ፣ ሐኪም ጋ ሄደሽ ወገብሽን ታየሽ?”

ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ መልሴም ሁልጊዜ ያው ነው።

“በሚቀጥለው ሳምንት” አልኳቸው።

“እንግዲያው የሚመጣው ማክሰኞ ደዋዩ እኔ ነኝ” ብለው ስልኩን ዘጉት።