ቀለበቱ እስኪደርስ

ነሐሴ 18

ዝናብ። ሙሉ ቀን ቢሮ ካርታ ሳስተካክል ዋልኩ። ምሳ ከሰርካለም ጋር። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ግን መምህራኑን ለምዝገባ ጠርተዋቸዋል። ጥብስ በዳታ በላን። የዳታው ቃሪያ አቃጥሏት እንባዋ ወረደ፤ ያም ሆኖ ትስቃለች።

ሶፍት ቀድጄ ጣቷ ላይ ጠመጠምኩ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«መሬት እየቀየስኩ።»

«ቀያሽ ምሳ ሰዓትም አያርፍም እንዴ!» አለች።

ቁራጩን ኪሴ ከተትኩ። ቤት ገብቼ በማስመሪያ ለካሁት። ሁለት ጊዜ። ወስኛለሁ… ሦስት ዓመት ይበቃል። ላገባት ነው።

ነሐሴ 20

ኢስማኤል ሱቅ ሄድኩ። አብሮ አደጌ ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን የጨርቅ ሱቅ አሁን እሱ ይዞታል። ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት።

«ወርቅ ግዛላት» አለ። «ወርቅን እናቷም ያውቁታል።»

«አልማዝ ነው የምፈልገው።»

«ሶዶ ላይ አልማዝ ማን ይሸጥልሃል?»

«በኢንተርኔት።»

ሳቀብኝ። ስቆ ሲያበቃ ዱባይ ያለች እህቱ ሪሀና ጋ ደወለ። በእሷ ካርድ ይከፈላል፣ ዕቃውም እሷ ጋ ይደርሳል። እኔ ብሩን ለእሱ እሰጣለሁ። አለቀ።

ለምን አልማዝ? ሰኔ ላይ የአክስቷ ልጅ ሰርግ ነበር። ሙሽራው ከደቡብ አፍሪካ ነው የመጣው፣ አልማዝ አድርጎላታል። ሰርካለም የልጅቷን እጅ ይዛ ብዙ ቆየች። ምንም አላለችም። እኔ ግን አየሁ።

ነሐሴ 26

ስልሳ ያህል ድንጋይ አየሁ። ስልኩ ላይ በጣት ይሽከረከራል። ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር… ውስጡ ያለችው ትንሽ ነጥብ ሳትቀር ትታያለች። ከመሬት የወጣ አለ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሠራ አለ፤ ሁለቱም አልማዝ ነው ይላሉ። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፣ ወገቡ ላይ በጨረር ተጽፏል፣ በባዶ ዓይን አይታይም። ይሄ ደስ አለኝ። ቁጥር ያለው ነገር አይጠፋም።

ሰርካለም ደወለች። አባቷን አሟቸዋል። ልብ ነው ይላሉ። «ያን ልጅ መቼ ነው የምታመጪው?» ብለዋታል።

«ለግፋታ እንሄዳለን» አልኳት። የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፣ መስከረም ላይ፣ ሁሉም ቤቱ ይሆናል፤ ቀለበቱም ይደርሳል። አባቷ ፊት አውጥቼ አደርግላታለሁ… ሃላሌ፣ የወላጆቿ ቤት ውስጥ። እስከዛ ምንም ማወቅ የለባትም።

ጳጉሜ 1

አብረን ተቀምጠን ስልኬ ላይ ነበርኩ።

«ከማን ጋር ነው የምትጻጻፈው?»

«ከሥራ ሰው።»

ትንሽ ውሸት ናት። ያውም ለእሷ ብዬ።

ጳጉሜ 3

ታዘዘ! ክብ ነው። ቀለበቱ ቀጭን ነጭ ወርቅ።

መስከረም 9

«ቀለበቱ በመሠራት ላይ ነው» ይላል ድረ ገጹ። ሳምንቱን ሙሉ የሚለው ይሄንኑ ነው። ጻፍኩላቸው። «ውድ ደንበኛችን፣ በትዕግሥት ይጠብቁ።» ለግፋታ አይደርስም።

መስከረም 13

ነገርኳት። መሄድ አልችልም አልኳት።

«ለምን?»

«ባዶ እጄን አልገባም ሰርኬ።»

«ማን ዕቃ ጠየቀህ? አባዬ ያለው አንተን ነው።»

«ሥራም አለብኝ።»

ብቻዋን ትሄዳለች።

መስከረም 20

ተመለሰች። ከስታለች። አባቷ ከቅርጫው ለእኔ ብለው ከጥሩው ሥጋ አስቀምጠው ነበር አሉ። እስከ ማታ ማንም እንዳይነካው ብለው… በማግስቱ ነው ለጎረቤት የሰጡት።

ቀለበቱን ልነግራት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። አንድ ወር ነው፣ ምን አላት?

መስከረም 26

አባቷን ኦቶና ሆስፒታል አምጥተዋቸው ነበር። እኔ ለቅየሳ ገጠር ነበርኩ፣ ይሄ እውነት ነው፣ ሁለት ቀን። ስመለስ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ጠዋት ይዘዋቸው ወጥተዋል። ቤቴ ልሙት ብለው።

«በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይል ነበር» አለችኝ ሰርካለም። «ነርስ ስትገባ እንኳን።»

ብርቱካን ገዝቼ ነበር። ለበረኛው ሰጠሁት።

ቀለበቱ ዱባይ ገብቷል፣ ሪሀና ጋ ነው። ፎቶ ላከች። ስልኬ ላይ ሲሽከረከር ካየሁት ይበልጣል።

ጥቅምት 5

ሪሀና አዲስ አበባ ትመጣለች። የባሏ ዘመድ ሰርግ ነው፣ ሦስት ቀን ብቻ፣ ወደ ሶዶ አትወርድም።

«በሚመጣ ሰው አስመጣልሃለሁ» አለ ኢስማኤል።

«በማንም እጅ አይሆንም። ራሴ እሄዳለሁ።»

«ሰርካለምስ?»

«ቤሌ ለቅየሳ ነው የምሄደው እላታለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም። ንገራትና ሂድ።» ስንት ወር የደበቅኩትን በመጨረሻዋ ሳምንት? አይሆንም።

ጥቅምት 6

ለሥራ ቤሌ እሄዳለሁ፣ ኔትወርክ አይኖርም አልኳት። ፊቷ በራ።

«ከቤሌ እኮ ሃላሌ ቅርብ ነው! አንድ ሰዓት ጊዜ ብታገኝ አባዬን እየው። እኔ ባልኖርም ግባ። ባርኮት ነኝ በል፣ ያውቅሃል።»

«ሥራው ይበዛል» አልኩ።

«እሺ» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንሄዳለን። ሁለታችን። ቀለበቱን ይዤ። አሥር ቀን እንኳን አይሞላም።

ጥቅምት 8፣ አዲስ አበባ

ተቀበልኩ። ሪሀና ሳጥኑን ከፍታ ብርሃን ላይ ያዘችው። ግድግዳው ላይ ነጠብጣብ ቀለም ተበተነ።

«የታደለች ልጅ» አለች።

ሸሚዜ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ ነው የያዝኩት። በየደቂቃው እዳስሰዋለሁ። ስልኬን ከጠዋት ጀምሮ ዘግቼዋለሁ። ብትደውል የአዲስ አበባን ጫጫታ ትሰማለች። ነገ ጎህ ሲቀድ እመለሳለሁ። እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥቅምት 9

ሆሳዕና ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። ስልኬን ከፈትኩ።

ከእሷ አሥራ ሰባት ጥሪ። ከኢስማኤል አምስት። መልእክቱ የኢስማኤል ነው። «የሰርካለም አባት ሌሊት አረፉ። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ሃላሌ። እኔ ከእሷ ጋር እየሄድኩ ነው። አላህ ይርዳህ።»

ሶዶ ስደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። መናኸሪያው ውስጥ ሮጥኩ። ወደ ሃላሌ የሚሄድ መኪና የለም። ኮንትራት ለመንኩ፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሳንደርስ ይመሻል አሉኝ። አንድ ሾፌር «አባትህ ናቸው?» አለኝ።

በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ጥቅምት 10

ኢስማኤል ከቀብር ተመልሶ ቤቴ መጣ። አልተቀመጠም። ቆሞ ነው የነገረኝ።

ቤሌ ሲደርሱ መኪናውን አስቁማለች። «ባርኮት እዚህ ነው፣ ይዘነው እንሂድ» አለች። ጥቁር ነጠላዋን እንዳደረገች ወርዳ ቢሮ ለቢሮ ጠየቀች። ከሶዶ የመጣ ቀያሽ የለም አሏት። ሻይ ቤቶቹን ጠየቀች። አልጋ ቤት ገባች። መኪናው ውስጥ ያሉት ዘመዶቿ ቀብር ያመልጠናል እያሉ ይጠሯታል… እሷ ስሜን እየጠራች ትዞራለች።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ ኢስማኤል። «ዝም ብዬ ልያት? ወርጄ ክንዷን ያዝኩ። እዚህ የለም፣ አዲስ አበባ ነው አልኳት።»

«ለምን እንደሄድኩስ?»

«እሱን አልነገርኳትም። የአንተ ምስጢር ነው።»

«ምን አለች?»

«ምንም። መኪና ውስጥ ገባች።»

ጥቅምት 11

ደወልኩ። አታነሳም። ልሂድ ብዬ ልብስ ስለብስ መልእክት መጣ። «አሁን እንዳትመጣ። እናቴ የት ነበር ብትለኝ የምመልሰው የለኝም።»

ጫማዬን አወለቅኩ።

ጥቅምት 15

አልተኛሁም። ምግብም…

ጥቅምት 23

መጣች። ትምህርት ቤቷ አጠገብ ያለው ጁስ ቤት ተገናኘን። አቮካዶ አዘዝን፤ ማናችንም አልነካነው። ጥቁር ለብሳለች። ፀጉሯን ተቆርጣለች።

ምን እንደምል ስንት ቀን አጥንቼ ነበር። ሳጥኑን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። ከፈተችው።

«ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው። አዲስ አበባ የሄድኩት። ስልኬም ላይ… ሁሉም ለዚህ ነው። አባትሽ ፊት ላደርግልሽ ነበር።»

ብዙ አየችው። «ቆንጆ ነው» አለች። ከዛ ከደነችው።

«የአክስትሽን ልጅ ቀለበት ስታዪ ስላየሁሽ እኮ ነው። ሰርጉ ላይ። እጇን ይዘሽ…»

«የቱን ቀለበት?» ግራ ገባት። አሰበች። «እጇን ነው እኮ ያየሁት ባርኮት። በዋዜማው ዘይት አቃጥሏት ነበር። ይቆስል ይሆን ብዬ ነው።»

የጁሱ ማሽን ይጮሃል።

«ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ነበር» አለች። «እሱ ይሻለኝ ነበር። ጠልቼህ አርፍ ነበር።»

«ሰርኬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ቀብር መቅረት ሰው ላይ ይደርሳል። እኔ ያቃተኝ ቤሌ ነው። እየሮጥኩ ምን እል እንደነበር ታውቃለህ? እሱን ካገኘሁት እችለዋለሁ ነበር የምለው። አባቴ ሞቶ አንተን ነበር የምፈልገው። አንተ ደግሞ ሂጂ ፈልጊኝ ብለህ የሌለህበት ቦታ ላክኸኝ።»

«ለአንቺ ብዬ ነው…»

«አውቃለሁ» አለች። «እሱ ነው የከፋው።»

ሳጥኑን ወደ እኔ ገፋችው። አልተቆጣችም፣ አልወረወረችም። እንደ ሰው ዕቃ ቀስ አድርጋ። ተነሳች። እኔም ተነሳሁ። ጨበጠችኝ… ሦስት ዓመት ሙሉ ጨብጣኝ አታውቅም።

ጥቅምት 24

ሥራ ገባሁ። ዛሬ የለካሁትን ሁሉ ነገ ደግሜ መለካት አለብኝ።

ኅዳር 3

ኢስማኤል ቀለበቱን ዱባይ በሚሄድ ዘመዱ በኩል ለሪሀና ሊልክልኝ ነው፣ እሷ ትመልስልኛለች። ድርጅቱ ቅጽ ላከ። የመለሱበትን ምክንያት ይምረጡ ይላል። አልወደድኩትም። መጠኑ አልሆነም። ሐሳቤን ቀየርኩ። ሌላ።

መጠኑ ልክ ይሁን አይሁን እንኳን አላውቅም። አልሞከረችውም።

«ሌላ» የሚለውን ነካሁ። ከሥሩ «እባክዎ ያብራሩ» የሚል ባዶ ሳጥን ተከፈተ። ብዙ አየሁት። ባዶውን ላክሁት።

ኅዳር 14

ኢስማኤል የአርባው ተዝካር ማክሰኞ ነው አለኝ። «ትሄዳለህ?» አልጠራችኝም። አትምጣም አላለችም። «አሁን እንዳትመጣ» ያለችው ያኔ ነው። እስከ መቼ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ኢስማኤል አብሬህ ልሂድ አለ። አይ፣ ብቻዬን።

ኅዳር 18

ሃላሌ ሄድኩ። በጠዋቱ መኪና፣ በቤሌ በኩል። ቤሌ ላይ ሰው ሲያወርድና ሲጭን ቆየ። ቢሮዎቹን በመስኮት አየሁ። ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ናቸው… በነጠላ፣ በዚያ ጭቃ። ሰርካለም ሁሉም ጋ ገብታለች ማለት ነው።

የአቶ ጩማ ቤት፣ የአባቷ፣ የቱ ነው አልኩ። አንዲት ልጅ አሳየችኝ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። የጾም ነው፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እዚህ ቦይና የሚሉት የተቀቀለ ጎደሬ። ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሰርካለም ሰሃን ይዛ ከጓዳ ወደ ድንኳን ትመላለሳለች። አየችኝ። እርምጃዋን አላቆመችም።

እናቷ እማማ አሳየሽ እንግዳ ሁሉ አጠገብ ትንሽ ትንሽ እየተቀመጡ ያመሰግናሉ። እኔ ጋ ደረሱ።

«ከየት ነህ ልጄ?»

«ከሶዶ።»

«ይሄን ሁሉ መንገድ! ሰርካለምን ታውቃታለህ?»

«አዎ እማማ።»

«እንግዲያው ያን ልጅም ሳታውቀው አትቀርም። ሶዶ ያለውን። ሽማግሌው እሱን ሲጠብቅ ነው የሄደው።»

አውቀዋለሁ ማለት እችል ነበር። አላውቀውም ማለትም እችል ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ተሠርቶ አፌ ውስጥ ተቀምጧል። መዋሸት ምን ያህል ለምዶብኛል!

«እኔ ነኝ እማማ» አልኩ። «አዲስ አበባ ነበርኩ። ቤሌ ነኝ ብዬ ዋሽቻት ነበር።»

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ውጣ ቢሉኝም ልወጣ ነበር።

«እስቲ ተነስ» አሉ በወላይትኛ።

ተነሳሁ። ሰው ሁሉ መብላቱን ትቶ ያየኛል። እማማ አሳየሽ ከእግሬ እስከ ራሴ ቀስ ብለው አዩኝ፣ ከራሴ እስከ እግሬ ደገሙ።

«ረጅም ነው ወይ እያለ ሲጠይቀኝ ነበር» አሉ። «ሌሊትም ይጠይቀኛል። እኔ ምን አውቄ? እንጃ ነበር የምለው።»

ዓይናቸው ሞላ። በነጠላቸው ጠረጉት።

«ረጅም ነህ። ተቀመጥ፣ ብላ።»

በላሁ። እሳቸው ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፉ።

በልቼ ስጨርስ ቀና አልኩ። ሰርካለም የእጅ ውሃ ይዛ ፊቴ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። እጄን ዘረጋሁ። አስታጠበችኝ። ፎጣውን ከክንዷ አቀበለችኝ።

«ስለመጣህ እግዚአብሔር ይስጥልን» አለች።

ድምፅዋ ደህና ነበር። ከዛ አጠገቤ ላሉት ሽማግሌ ጎንበስ አለች፣ ውሃ አፈሰሰችላቸው፣ ፎጣ አቀበለቻቸው፣ ለእሳቸውም እንደዚያው አለች።