ሽቦውን የዋጠው ባሕር ዛፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

የልብ ሐኪሙ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ፤ ሲያንቀላፋ ከክፍል የማስወጣው ልጅ። ምስሉን እያሳየኝ፣ "መምህር፣ የግራው የልብዎ ግድግዳ ወፍሯል፤ ደንድኗልም" አለኝ። ሕያው ሴል ጫና ሲበዛበት ራሱን እንደሚያጠነክር ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ደም ግፊት እንዳለብኝ እያወቅኩ፣ ክኒን አልለምድም ብዬ ዓመታት አሳልፌያለሁ።

"ክኒኑን ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ ግድግዳው ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል። ንዴቱንም ይቀንሱ" አለ። የሰጠኝን ክኒን ኪሴ ከትቼ፣ ተቆጥቼው ወጣሁ።

ፈረንሳይ ሰፈር፣ ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ወይንሸት ልብስ ታሰጣለች። የማስጫውን ሽቦ ባሕር ዛፉ ላይ ያሰርኩት ቤቱን የሠራን ዓመት ነው፤ ጎማ ሳላለብስ፣ በፒንሳ አጥብቄ። ግንዱ በዙሪያው አብጦ ሽቦውን ውጦታል። የገባበት ቦታ ገጥሞ የተዘጋ ከንፈር ይመስላል።

ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት። ክኒኑን ግን እንደማልወስድ ጨመርኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ ዛፍ እንኳ ሽቦ ዋጠ! አንተን አንድ ፍሬ ክኒን ያቅትሃል?"

ፒንሳ አምጥቼ ሽቦውን ልነቅል ታገልኩ፤ አልነቃነቅ አለ። በመዳፌ ስይዘው ይመታል፤ ድም፣ ድም። የራሴ ደም ሥር ነው ብዬ እጄን አነሳሁ። ነፋስ የለም። የወይንሸት ነጠላ ግን ሽቦው ላይ በዚያው ምት ይርገበገባል።

ገብቼ ክኒኑን ያለ ውሃ ዋጥኩት።

ይህን ስጽፍ ሽቦውን በመስኮት አየዋለሁ። ነጠላው እስካሁን አላረፈም።