ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት

ኅዳር 7
እሑድ። ከቸርች መልስ ባምባሲ፣ አማቴ እማማ የወርቅውሃ ዘንድ ዋልን። ዶሮው ግሩም ነበር። እኔ የወለጋዋ እንደለመደብኝ ቆሜ ጨበጥኳቸው። በነሱ በወሎዎቹ ደንብ ምራት ጎንበስ ብላ ጉልበት ትስማለች። እኔ ደግሞ ጎንበስ ስል ዓይኔ ይጨልማል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ባለፈው ዓመት ሞክሬ እግራቸው ሥር ልደፋ ነበር። ደም ማነስ ይሆናል... ብናገር ሰበብ ይመስላል ብዬ ዝም አልኩ።

ስንወጣ ልጃቸውን፣ ባሌን የሻውን፣ "በወለጋ ወገብ አይታጠፍም እንዴ?" አሉት። እዚያ ሳቅኩ። አሶሳ ቤቴ ገብቼ ግን ተናደድኩ።

ታኅሣሥ 2
ክፍል ውስጥ የአንዷን ሕፃን የጫማ ክር ላስር ጎንበስ አልኩ... ስነቃ ወለል ላይ ነኝ። ልጆቹ በሙሉ ከበውኛል። "ቲቸር ቢሊሴ ሞተች?" የሚል ሰማሁ። አልሞትኩም፣ ቦታችሁ ግቡ አልኳቸው።

ታኅሣሥ 4
ሆስፒታል። ዶክተር ቦዔዝ ደረቴን ሲያዳምጥ ፊቱ ተለወጠ። ተቀመጪ፣ ተኚ፣ በግራ ጎንሽ ዙሪ... ደጋግሞ አዳመጠ። ልብሽ ላይ እንግዳ ድምፅ አለ፣ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት፣ አዲስ አበባ ሂጂ አለኝ። የሻው የውሃ ጠርሙስ ሲከፍትና ሲዘጋ ዋለ። ፈራሁ።

ታኅሣሥ 17፣ አዲስ አበባ
እጢ ነው። ልቤ ውስጥ! የዶሮ እንቁላል ያክላል አለች ቀዶ ሐኪሟ። በቀጭን አንገት ተንጠልጥሎ፣ ጎንበስ ስል ሄዶ ደሙ የሚያልፍበትን በር ይዘጋል። አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ዓይነት አይደለም፣ ግን መውጣት አለበት። ደረትሽን እንከፍታለን፣ ልብሽን እናቆማለን፣ ደሙን ማሽን ያዞርልሻል... ማንን አስፈቅዳችሁ ልላት አማረኝ። ካልወጣስ? አንድ ቀን በሩን ዘግቶ ሊቀር ይችላል አለች።

የሻው ለእናቱ ደውሎ ሁሉንም ነገራቸው። ከስልኩ ለእኔም ይሰማል፦ "ለዚህ ኖሯል እንዴ የማታጎነብሰው?" ድምፃቸው ተሰበረ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ደረቴ ሊከፈት ነው፣ እኔ ደስ ይለኛል... አበድኩ?

ጥር 6
ነገ ነው። እማማ በአውቶቡስ መጡ። በልጅነታቸው ከወሎ ባምባሲ ለሰፈራ ከመጡ ወዲህ አዲስ አበባን ረግጠው አያውቁም። ከአልጋዬ ልነሳ ስል ትከሻዬን ያዙኝና እሳቸው ጎንበስ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። በዚያ በሚያማቸው ወገብ!

ብሞትስ? ዋቃዮ፣ ልኑር። ሌላ ልመና የለኝም።

ጥር 13
አለሁ። መጻፍ ያማል። ማስነጠስማ አይነሳ፣ ትራስ ታቅፌ ነው።

ጥር 25
ካንሰር አይደለም! የላቦራቶሪው ውጤት ዛሬ መጣ። የሻው ኮሪደር ላይ አለቀሰ። እማማ፣ ምሥራች ሲነግሩት የሚያለቅስ ወንድ ወለድኩ እያሉ ቀለዱበት፣ እሳቸውም አለቀሱ።

የካቲት 20
አሶሳ፣ ቤቴ። ሙቀቷ እንኳ ናፍቆኝ ነበር። ከባድ ነገር እንዳታነሺ ተብያለሁና እማማ ከባምባሲ መጥተው ከእኛ ጋር ሰንብተዋል። የውሃ ብርጭቆ እንኳ አያስነሱኝም። ስነሳ "ወዴት?"፣ ስቀመጥ "ምነው?" እንዴት ያለ ጭቅጭቅ... ደስ ሲል።

ሚያዝያ 17
ትናንት ዶክተር ቦዔዝ አዳመጠኝ። ያ ድምፅ የለም፤ አሁን እንደ ማንም ሰው ጎንበስ ቀና ማለት ትችያለሽ አለኝ።

ዛሬ ባምባሲ ሄድን። እማማ ማንጎው ሥር ተቀምጠው የወደቀውን ይለቅማሉ። ወደ እግራቸው ዝቅ ስል ሲያዩኝ ደነገጡ። ተይ፣ ቆመሽ ይበቃል አሉ። አልሰማኋቸውም። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቀሚሳቸው ማንጎ ማንጎ ይሸታል። እስቲ ልየው ብዬ እዚያው ቆየሁ። ዓይኔ አልጨለመም። ትንፋሼም አለ። ቀና አልኩ።

እማማ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

"እንባዬ ከለለኝ፣ አላየሁሽም" አሉ። "ድገሚው።"

ደገምኩት።