አንድ አህጉር የጎደለበት ቤት

የማታ ትምህርት የወንበር ጓደኛዬ፣ ይህችን ካርድ ማንም እጄን ሳይዘኝ ብቻዬን ጻፍኳት፤ ከቀናህ ዋጠው። ደሜ ግን ፈልቷል። ዛሬ ምሳ ላይ፣ ውጭ አገር ድረስ በእንግድነት የመጣሁባት እህቴ፣ “ወንድሜ እኮ ማንበብ ብቻ አይደለም፣ ዓለምንም ያውቃል” ብላ በጎረቤቶቿ ፊት ኮራችብኝ። እኔም ሰባቱን አህጉራት አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኳቸው። አናጢው ባሏ ሳቀ። “እዚህ አገር ስድስት ብለን ነው የተማርነው። ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ አንድ ናቸው። እናንተ የማታ ተማሪዎች በጨለማ ስትቆጥሩ አንዱን ሁለቴ ቆጥራችሁታል” አለ። አንዱ ጎረቤት ደግሞ “ሰው የማይኖርበት በረዶ አይቆጠርም፣ አምስት ነው” ሲል ማንም አልሳቀበትም። በእኔ ግን እህቴ ሳትቀር ሳቀችብኝ፤ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

“በምን ሒሳብ አንድ ሆኑ?” ብዬ ባሏን ብጠይቀው፣ “ባሕር ካልለያቸው አንድ ናቸዋ” አለኝ።

“እንግዲያው ሳሎንህንና መኝታ ቤትህንም ባሕር አልለያቸውም፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔ የምተኛበት ሶፋ ላይ አንተ ተኛ” አልኩት።

እህቴ ተነሥታ የመኝታ ቤታቸውን አልጋ አንሶላ ቀየረችልኝ።

ንዴቴ ግን አልበረደም። የካርዷ ቦታ ጠበበኝ፤ እናትህንና ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። መምህራችንንም ሳምልኝና፣ ሰው በየአገሩ የየራሱን እንደሚቆጥር ሳይነግረን ለምን ለሳቅ እንደዳረገን ጠይቅልኝ።