ፍልፈል የቆፈረው ማሳዬ

ሐምሌ 3 ቀን 1974
ገብስ ሳርም ዋልኩ። ፍልፈሉ አዲስ የአፈር ክምር አውጥቷል... ሰባት ቆጠርኩ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ላቀው ከመካነ ብርሃን ስብሰባ ሲመለስ ማሳው ዳር ቆመ። “ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ አምናስ በረዶ መታብኝ አሉ። ዘንድሮም ካላፈራ መሬቱ ለእንኳየሁ ይሰጣል።”
ለእንኳየሁ! ለሟች ባሌ እህት። መሠረተ ትምህርት ስገባ “ፊደል ላሮጊት ምኗ ነው” ያለችው እሷ ናት። ይኸው ጻፍኳት። አትረሳም።

ሐምሌ 5
የፍልፈሉን ጉድጓዶች በድንጋይና በጭቃ ደፈንኩ። ሰባቱንም። ሸጋ ሥራ።

ሐምሌ 14
ዘጠኝ ቀን ዝናብ። ውሃው ማሳው ላይ ተኝቷል። ገብሱ ቢጫ ሆነ። ምነው? አምና ውሃ እንዲህ አልተኛበትም...

ሐምሌ 15
የእንኳየሁ ማሳ ከጎኔ ነው፤ ውሃ አልተኛበትም። ሰነፍ ናትና አንድም ጉድጓድ አልደፈነች። ጎንበስ ብዬ ሳይ ውሃው በፍልፈሉ ጉድጓድ ሰተት ብሎ ይገባል።
“ምነው፣ መሬቴን ልትወስጂ ነው?” አለች ከደጇ።
“ስንፍናሽን እያየሁ ነው።”
“እይው፣ ብዙ ነው።”

ሐምሌ 16
የደፈንኩትን ስከፍት ዋልኩ። ሦስተኛውን ድንጋይ ስነቅል ጉድጓዱ ውሃውን ጭልጥ አድርጎ ጠጣው፤ ጠላ እንደጠማው ሰው። ጭቃ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።
ፍልፈሉም ብቅ አለ። ዓይኑ ከሽንብራ ታንሳለች። ጥርሱ ከከንፈሩ ውጭ ነው፤ አፈር እንዳይገባበት አፉን ዘግቶ በጥርሱ ይቆፍራል። አፍን ዘግቶ መሥራት... ይህን እኔ መቼ አወቅሁበት?

ነሐሴ 20
ገብሱ አገገመ። ክምሩ አጠገብ ያለውማ ከሌላው በስንዝር ይበልጣል። ፍልፈሉ ከሥር የሚያወጣው ጥቁር አፈር ነው የረዳው። ሥሩን ይበላል፣ አዎ። ይብላ። የሠራ አይበላም?

መስከረም 24 ቀን 1975
ላቀው ከሁለት የማኅበር ሰዎች ጋር መጣ። “ፍልፈሉን ምነው አላጠፉትም?”
“ውሃዬን የሚጠጣልኝ እሱ ነው” አልኩ። ላቀው ሳቀ። ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ፣ አያ ወልደኢየሱስ፣ ግን ዱላቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደዱት፤ እስከ እጀታው ገባ። “እውነቷን ነው” አሉ። ገብሱንም አዩ። መሬቱ የእኔ ሆኖ ቀረ።
እግሬ ወዴት እንደወሰደኝ... እሸት በእቅፌ ይዤ እንኳየሁ ደጅ ቆምኩ። “ስንፍናሽ ነው ያዳነኝ፣ እንኪ።”
“ይሄ ስድብ ነው ምስጋና?”
“ሁለቱም።”
እስኪያስለን ሳቅን። ባሌ ከሞተ ቤቷ ገብቼ አላውቅም ነበር። እሸቱን ጠብሰን በላን። ነገ የእሷን ማሳ አብረን እናርማለን፤ እሷ እንደሆነች ብቻዋን አትነሣም።