በመስታወት ሣጥን ስለተቆለፈው የአባቴ ደብተር

ለተከበሩ የከተማችን ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ለሚያመላልስዎት መኪና ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ በሐይቁ ላይ እንግዶችን በጀልባ የማስጎበኝ፣ ሠላሳ ዓመት ይህንኑ ሥራ የሠራው የ«ካፒቴኑ» ልጅ ነኝ። ጀልባችን የምትይዘው አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ቢሆንም ማዕረጉን ሰፈሩ ሰጥቶታል፤ እንደ እርስዎ ሹመት ደብዳቤ የለውም።

ባለፈው ዓመት ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ከተማችን ከሌሎች መዳረሻዎች ጋር መወዳደር የምትችለው የነባር ባለሙያዎች ዕውቀት ሲሰበሰብ ነው ብለው አባቴን በደስታ አስለቀሱት። እሱም የትኛው ወፍ በየትኛው ወር የት እንቁላሉን እንደሚጥል፣ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚዞር፣ ውሃ የሚፈራ እንግዳ የት ቢቀመጥ እንደሚረጋጋ የመዘገበበትን ደብተር ሳይሰስት አስረከበ። ለዚህ ክብር እያመሰገንኩ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ደብተሩ በዕውቀት አስተዳደር ማዕከልዎ በመስታወት ሣጥን ተቆልፎ አየሁት። ከአቧራ ስለጠበቁልን እግዜር ይስጥልን፤ ከእኛም ጠብቀውታል። ላንብበው ብል፣ ሠራተኛዎ ሰነዱ በተፎካካሪ እጅ እንዳይገባ ምስጢር መደረጉን፣ እኔም አስጎብኚ ስለሆንኩ ተፎካካሪ መሆኔን በጨዋነት አስረዱኝ። የሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ ስለ ዕውቀት መጋራት ሊሠለጥን በሄደ ባለሙያ ኪስ ውስጥ ነው አሉ።

ሁለተኛ፣ የማዶዋ ከተማ ልዑካን ለልምድ ልውውጥ ሲመጡ እርስዎ የደብተሩን ሙሉ ቅጂ በሪባን አስረው አበረከቱላቸው። እንግዳ አክባሪነትዎ አኩርቶናል። ዛሬ የማዶዎቹ ጀልባዎች ወፎቹ ሳይበሩ ይደርሳሉ፣ ነፋሱ ሳይዞር ይመለሳሉ። እኔ በግምት ወጥቼ ዘጠኝ እንግዶች እንደታጠበ ልብስ አርሼ መለስኩ፤ በማግስቱ ዘጠኙም ማዶ ተሻገሩ።

አባትሽን ለምን አትጠይቂም ይሉኝ ይሆናል። ሦስተኛው ይኸው ነው፣ በዚህ ላይ መቀለድ አልሆነልኝም። አባቴ መርሳት ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ጀልባዋ ላይ ተቀምጦ የደሴቶቹን ስም ይጠራል፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ስሙ ይጠፋበትና ፊቴን ያየኛል። የገዛ ጽሑፉን ቢያነብ ይመለስለት ይሆናል ብዬ አራት ማመልከቻ አስገባሁ። መልስዎ ደርሶኛል፤ ደብተሩ የእሱ መሆኑ እንዲረጋገጥ፣ አባቴ ራሱ ቀርቦ የጻፈውን በቃሉ እንዲያስረዳ ይጠይቃል። ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አንብቤ አለቀስኩ፤ ከዚያ ማኅተሙ እንዴት ቀጥ ብሎ እንዳረፈ አደነቅሁ።

ከማያልቅ አክብሮትና አልቆ ካደረ ትዕግሥት ጋር፣

የካፒቴኑ ልጅ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ዕውቅና የተሰጣት ተፎካካሪ

ማስታወሻ፦ ይህን ከጻፍኩ በኋላ አባቴን ይዤ ማዶ ተሻገርኩ። ማንነታችንን ሲሰሙ ወንበር አቀረቡልን፣ ቅጂውንም ጭኑ ላይ አኖሩለት። በጣቱ እየተከተለ አንብቦ አራተኛውን ደሴት ጠራው፤ አምስተኛውንም። ከሰኞ ጀምሮ ሁለታችንም እዚያ ተቀጥረናል። እሱ እየነገረኝ እኔ እየጻፍኩ አዲስ ደብተር ጀምረናል፤ ክቡርነትዎ ማየት ቢፈልጉ አንድ ማመልከቻ ይበቃል።